ደሴ ላይ የረጋው ዘይት

በምግብ ቤት የጥብስ ዘይት የምትሄደው አሮጌዋ የናፍጣ መኪናዬ ኮምቦልቻ ላይ ችግር የለባትም። ደሴ ባደረች ማግስት ግን ሳል ብቻ! ፓምፑን በከንቱ አማሁት። ፊልትሮውን ስፈታ እንደ ቅቤ የረጋ ዘይት ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ ለካ ብርዱ ነው።

ሁለተኛ ታንክ ጨመርሁ። በናፍጣ አስነሳለሁ፤ ሞተሩን ያቀዘቀዘው ትኩስ ውሃ በዘይቱ ታንክ ውስጥ በቱቦ ይዞራል። ቱቦው አልሙኒየም ነው፤ መዳብ ዘይቱን ቶሎ ያበላሻል። ዘይቱ 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ እርሱ አዞራለሁ። ከማጥፋቴ በፊት ጥቂት ደቂቃ በናፍጣ እነዳለሁ፤ አለበለዚያ ዘይቱ ነዳጅ ወደ ሞተሩ በሚረጨው ኖዝል ውስጥ ያድራል።

ዘይት ስረከብ ጥቂቱን መጥበሻ ላይ አግላለሁ። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ጄሪካኑን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።