ለልጅ የሪሞት መኪና ስትገዙ ከቀለሙ በፊት ባትሪውን እዩ

የሪሞት መኪና ስንገዛ አብዛኞቻችን ቀለሙን፣ መብራቱንና ትልቅነቱን ነው የምናየው። ልጁ ግን ወር ሳይሞላው መኪናውን አልጋ ስር የሚወረውረው ብዙ ጊዜ በባትሪ ምክንያት ነው። ባትሪ ድንጋዩ ያልቃል፣ በየቀኑ መግዛት ይከብዳል፣ ወይም የቻርጀሩ ገመድ ይጠፋና ሌላ አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙ ነገር ብጽፍም ባትሪውን ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

ለስንት ዓመት ልጅ ነው?

ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ተዉት። ትንንሽ ክፍሎቹ ይነቀላሉ፣ የተነቀለ ነገር ደግሞ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ሪሞቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ብቻ ያሉት መኪና ይበቃዋል፤ አንዱ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ይነዳል፣ ሌላው እያዞረ ወደ ኋላ ይመልሳል። ለእኛ አሰልቺ ይመስላል እንጂ ለ4 ዓመት ልጅ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ከ6 ዓመት ጀምሮ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚሄድ ሪሞት ይችላል። ከ8 ዓመት በኋላ ደግሞ በትንሹ ሲጫኑት ቀስ፣ አጥብቀው ሲጫኑት ፈጠን የሚለውን ዓይነት ፈልጉለት። ካርቶኑ ላይ 14+ የተጻፈበትን ግን ለትንሽ ልጅ አትግዙ። በጣም ይፈጥናል፣ ከባድም ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ካረፈ ያቆስላል።

ካርቶኑ ላይ 1፡24 ወይም 1፡16 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። የእውነተኛው መኪና 24ኛ ወይም 16ኛ እጅ ማለት ነው። 1፡24 አንድ ስንዝር ገደማ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ለመጫወት ጥሩ ነው። ግቢያችሁ ኮብልስቶን ወይም አፈር ከሆነ ግን ከዚያ ተለቅ ያለ፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለና ጎማው እውነተኛ ላስቲክ የሆነ ውሰዱ። ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ እንደ ፕላስቲክ ሳህን ደረቅ ከሆነ ሊሾ ላይ እየተንሸራተተ፣ ድንጋይ ላይ እየተሽከረከረ ይቀራል።

ባትሪው

ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ነው፤ መኪናው በምንድን ነው የሚሠራው? ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ።

አንዱ ደብል ኤ የሚባለው፣ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምናስገባው ባትሪ ድንጋይ ነው። የትም ሱቅ ይገኛል። ችግሩ መኪናው ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት፣ ሪሞቱ ደግሞ ሁለት ይፈልጋል፤ ርካሹ ድንጋይ የመኪና ሞተር ሲያዞር ቶሎ ይደክማል፣ እናንተም በየሁለት ቀኑ ሱቅ ትመላለሳላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ከገዛችሁ ቻርጅ የሚደረጉ ደብል ኤዎችን ከነቻርጀራቸው አብራችሁ ግዙ። ተራው 1.5 ቮልት ሲሆን እነሱ 1.2 ቮልት ስለሆኑ መኪናው ትንሽ ዝግ ሊል ይችላል፣ ግን አብዛኛው በደንብ ይሠራባቸዋል። ተራውን ድንጋይ ግን ቻርጀር ላይ በፍጹም አትሰኩ።

ሁለተኛው በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሽቦና ሶኬት ያለው፣ ከመኪናው ጋር የሚመጣ ባትሪ ነው። በብዛት 3.7 ቮልት ሊቲየም ሆኖ በዩኤስቢ ገመድ ይሞላል። እኔ ብሆን ይሄን ነው የምመርጠው። በስልክ ቻርጀር ይሞላል፣ መብራት ከሄደም ፓወር ባንክ አለ። ብቻ ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን አይታችሁ ውሰዱ፣ የባትሪውን ሶኬትም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አንድ ቀን ተመሳሳዩን ስትፈልጉ ያ ፎቶ ብዙ መንከራተት ያድናችኋል።

ሦስተኛው ግድግዳ ላይ በሚሰካ የራሱ ቻርጀር የሚሞላ ነው። እዚህ ላይ ከአሜሪካ ዕቃ የሚመጣላችሁ ተጠንቀቁ። ቻርጀሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ የኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለወንድም ለእህት ልጅ ከዚያ የምትልኩም በዩኤስቢ የሚሞላውን ምረጡ። ስትመጡ ደግሞ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም፤ በእጅ ሻንጣችሁ ያዙት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ትንንሽ ሪሞቶች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነች ባትሪ ይገባባቸዋል። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ ተቀርቅራ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ታደርሳለች። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ከሆነ አትግዙት። ልጁ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁም እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሱቅ ውስጥ ሳትሞክሩ እንዳትከፍሉ

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሱቅ ስንት ነው? መርካቶም ሂዱ ሰፈራችሁ፣ ደብል ኤ ድንጋይ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ከካርቶኑ አስወጥታችሁ ሞክሩት። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ወደ ፊት እየሄደ እያለ አዙሩት፤ የተበላሸ መሪ ያኔ ነው የሚታወቀው። መኪናውን ከፍ አድርጋችሁ ጎማው ሲዞር ስሙት። እዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ጤነኛ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ የውስጡ የማርሽ ጥርስ ተበልቷል ወይም አልገጠመም፣ ሌላ አስመጡ። ሱቁ ጠባብ ከሆነ መኪናውን አስቀምጣችሁ ወደ ደጅ እየራቃችሁ ሪሞቱን ሞክሩ፤ 10 ሜትር ሳይሞላ ከጠፋው ግቢ ውስጥ ያስቸግራል።

ሁለት ልጆች ካላችሁና ሁለት መኪና የምትገዙ ከሆነ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አብሩ። በ27 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ ሁለት መኪኖች አንዱ ሪሞት የሌላውን ሊነዳ ይችላል፣ ከዚያ ጠቡ ቤት ውስጥ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለው እያንዳንዱ ከራሱ ሪሞት ጋር ስለሚጣመር ይሄ ጣጣ የለበትም።

ሻጩ ዋጋ አልቀንስም ካላችሁ ባትሪ እንዲመርቅላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሻጭ እሺ ይላል።

ቻርጅ ማድረግ

የሚሞላው በትልቅ ሰው ነው። አልጋ፣ ሶፋ ወይም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ አድርጉት፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ። መኪናው እንደቆመ ባትሪው ትኩስ ነው፤ እስኪበርድ ጠብቁ። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይፈጅና ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ያጫውታል። ይሄን ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ መኪናው ቀጥ ሲል የተበላሸ መስሎት ያለቅሳል። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ግን አትሙሉት፣ አትብሱት፣ መኪናው ውስጥም አታስገቡት።

መንዳት ማስተማር

መጀመሪያ ሪሞቱን አብሩ፣ ቀጥሎ መኪናውን። ስታጠፉ መኪናው ይቅደም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚያናድደው አንድ ነገር አለ፦ መኪናው ወደ እሱ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ቀኝ ይጫናል፣ መኪናው እሱ ባለበት ቦታ ሲታይ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከመኪናው ኋላ እየተከተለ ይንዳ። እጁ ሲለምድ አንድ ቦታ ቆሞ ይንዳ፣ ሲመለስም «አንተ ውስጡ ተቀምጠህ ሹፌሩ ብትሆን ወዴት ትጠመዝዛለህ?» በሉት። አብዛኛው ልጅ በዚህች ጥያቄ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ ጫማዎችን በመስመር ደርድሩና በመካከላቸው ይለፍ። ጫማ ሲነካ አትቆጡት፣ እህት ወንድሞቹ እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩት።

ቦታው ግቢ፣ ሳሎን ወይም የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ይሁን፤ ኮሪደር ከሆነ ወደ ደረጃው የሚወስደውን በአንድ ነገር ዝጉት። መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር በምንም ዓይነት አይሆንም። ልጅ መጫወቻው ሲያመልጠው ግራ ቀኝ አያይም፣ ይሮጣል።

ሲያስቸግር

ቀጥ ብሎ አልሄድ ካለ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩ፤ የፊት ጎማዎቹ አካባቢ ግራ ቀኝ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ማስተካከያ ብዙዎቹ ላይ አለች። ፍጥነቱ ከቀነሰ ጎማው ዘንግ ላይ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞ ይሆናል፣ በወረንጦ አውጡት። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ በውሃ ግን አትጠቡት፤ በክረምት ኩሬ ውስጥ የገባ መኪና ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ድንጋይ ስትቀይሩ ሁሉንም አንድ ላይ ቀይሩ፣ አሮጌና አዲስ ሲደባለቅ ሊያፈስ ይችላል። ለሳምንታት የማይጫወትበት ከሆነም አውጥታችሁ አስቀምጡት።

ጭራሽ ካልነቃ ከመኪናው በፊት የሪሞቱን ባትሪ ቀይሩ፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። ቀጥሎ ባትሪው የሚነካቸውን ስፕሪንጎች እዩ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከያዙ በደረቅ ጨርቅ ፋቅ ፋቅ አድርጓቸው። ያም ካልሆነ ከውስጥ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በካቻቢቴ ክፈቱትና የተበጠሰውን ካያችሁ ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ ሽቦ መበየድ ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው።