ቧሂትን በአንድ ቀን ለመውጣት ካሰባችሁ

ሰሜን ተራሮች ሄዶ ለራስ ዳሽን የሚበቃ ቀን የሌለው ሰው ቧሂትን ይሞክር። ቁመቱ 4,430 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጨነቅ ካምፕ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ጨነቅ ራሱ 3,600 ሜትር ላይ ስለሆነ የሚወጣው 800 ሜትር ብቻ ነው። «ብቻ» ስላልኩ ግን እንዳትሸወዱ።

እዚያ ሰውን የሚጥለው እግር ሳይሆን ትንፋሽ ነው። ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምትስቡት 60 በመቶ ገደማ ነው። ጂም የሚሠራ ጎረምሳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበቱን ተማምኖ ይሮጣል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከምትተኙበት ቦታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በኋላ የመኝታችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ሳንቃበር አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ጨነቅ። የአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ይሻለዋል፣ ሰውነቱ ደጋውን ለምዷል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን «ደጋ ነው ያደግኩት» ቢልም አይሰማም፤ የለመደው ሰውነት ቆላ ሲቀመጥ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። እሱ ጥቂት ቀን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ይቆይ። ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ እርጉዝ የሆነችም፣ መጀመሪያ ሐኪም ታማክር፣ ያማክር።

ልምምዱን ከሁለት ወር በፊት ጀምሩት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሊፍት ስለሌላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ቦርሳ አዝላችሁ ደረጃውን ደጋግማችሁ ውጡ ውረዱ። ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ። መውረዱንም ተለማመዱ፣ ጉልበትና የጣት ጥፍር የሚያልቁት በመልስ ጉዞ ነው። ጫማው በዚሁ ልምምድ ይለመድ፤ አዲስ ጫማ ይዞ ጨነቅ መድረስ ራስን መቅጣት ነው። ጥፍራችሁንም ቁረጡ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨቅጭቃችሁ፦ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ይቅር። በላብ ከራሰ አይደርቅም፣ ንፋሱ ሲመታችሁ ያንቀጠቅጣችኋል። የሱፍ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት። ቅባቱን ጥቁር ነኝ ብላችሁ አትተዉት፣ ከፍታው ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች። ጋቢው ለሌሊት ይሁን። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ቢልም ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ክረምቱን ግን እርሱት፣ ጭቃና ጉም ነው።

ስንቅ እኛ ቤት ሞልቷል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ጾም ላልያዘ ጭኮ የመሰለ ነገር የለም። ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ሳይርባችሁ ቆርጠም ቆርጠም እያደረጋችሁ ሂዱ። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ። የምንጭ ውሃ ካላፈላችሁት ወይም የማጣሪያ ኪኒን ካልጨመራችሁበት አትጠጡ። ከዋዜማው ማታ አረቄ እንዳትነኩ፤ ብርዱ ቢጋብዝም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ጎንደርና ደባርቅ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ ስካውት፣ ማለትም መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ፣ ትይዛላችሁ። ስካውቱ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፣ በፕላስቲክ ጫማ እየሄደ ያስከነዳችኋል። «ጋሼ፣ ቀስ እንበል» ማለት ነውር የለውም። ትክክለኛው ፍጥነት እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ነው። ሁለት ቃል ተናግራችሁ ካለከለካችሁ ፈጥናችኋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። መመለሻ ሰዓትም ቁረጡ፣ ከሰባት ሰዓት ባይዘል ጥሩ ነው። ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም ሰዓቱ ከደረሰ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ እዚያ ላይ ደግሞ ከጅብራና ከጓሳ ሣር በቀር መጠለያ የለም። መብረቅ ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ ውረዱ። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ስልኩ በብርድ ይሞታል። ኔትወርክም ስለማይታመን የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ካምፕ ለሚቀር ሰው ንገሩ።

ቀለል ያለ ራስ ምታት ያጋጥማል፤ ዕረፉ፣ ጠጡ። እየባሰ ከሄደና ማቅለሽለሽ ከመጣ ግን ፓራሲታሞል ውጦ ሽቅብ መቀጠል የለም። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካያችሁ ነገሩ ሞት ነው። እሱ «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት፣ ብቻውንም አትልቀቁት። ወዲያው አውርዱት፣ በሌሊትም ቢሆን። ለከፍታ ሕመም መከላከያ ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን መውሰድ የፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጨነቅ ስትመለሱ እርጥቡን ካልሲ ቀይሩ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ እዚያው እደሩ። በዚያ ድካም ማታውኑ ጎንደር እንግባ የሚል ሹፌር ካለ ቁልፉን ተቀበሉት።