ቡችላ ስታሳድጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡችላ ቤት ሲገባ ደስታና ጭንቀት አብረው ይገባሉ። ልጆቹ ቦቢ እንበለው፣ ማክስ እንበለው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እናት "ማን ሊያጸዳለት ነው?" ትላለች። ሌሊት ሲያላዝን ደግሞ ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ ያጣል።

ከዚያ ምክሩ ይጀምራል። ጎረቤቱም፣ ጥበቃውም፣ አጎትም የሚሉት አላቸው። እሰሩት፣ ሰው እንዳይነካው፣ ሚጥሚጣ አቅምሱት፣ አለዚያ ጠባቂ አይሆንም። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ብዙ ውሻ የሚበላሸው ገና ቡችላ እያለ "ለጥበቃ ነው" ተብሎ በሚደረግበት ነገር ነው። ክፉ የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ውሻ ነው።

ሳይደርስ ከእናቱ መለየት

መንገድ ዳር በካርቶን ተይዘው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ገና ጡት ያልጠገቡ ናቸው። ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ጡት ለመጥገብ ብቻ አይደለም። ቡችሎች ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ከነከሰው የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል፤ ነካሹም ጥርሱ ምን ያህል እንደሚያምም የሚማረው እዚያ ነው። ሻጩ "ሁለት ወር ሞልቶታል" ካላችሁ እናቱን አሳየኝ በሉት።

"የሀበሻ ውሻ ነው፣ ምንም አይሆንም" ማለት

ይሆናል። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ዘር አይመርጥም። ትናንት ሲፈነጥዝ የነበረ ቡችላ ዛሬ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ከዚህ በፊት በዚህ በሽታ የሞተ ውሻ ካለ፣ አዲሱን ከማምጣታችሁ በፊት ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመራል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። ብዙ ሰው አንዴ አስወግቶ ጨረስኩ ይላል። የሚደገመው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ሰውነቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል፣ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከውጭ አይታይም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ገደማ ሲሆነው ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላም ይታደሳል። ይህ የቤተሰብም ጉዳይ ነው። ሰው በማይታወቅ ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ ክትባቱን ግን እንዳይተው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ስለ ትልም ልጨምር። ሆዱ የተነፋ ቡችላ ሲታይ "ጠግቧል፣ ወፍሯል" ይባላል። ጎኑ ላይ አጥንቱ እየተቆጠረ ሆዱ ብቻ ከተወጠረ ግን ትል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ በየወሩ እስከ 6 ወር ይሰጠዋል፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል። ልጆችም ከእሱ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ አይብሉ።

የወጥ ትርፍራፊ

ወጣችን በሽንኩርት ነው የሚሠራው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ጉዳቱ በአንድ ጉርሻ ላይታይ ይችላል፤ በየቀኑ ቀይ ወጥ የነካው እንጀራ ሲሰጠው ግን ይጠራቀማል። የዶሮ ወጥ አጥንትም አይሰጥም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው።

በዓል ሲሆን ከበጉ የወጣውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በውስጡ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ውሻው ትሉን ከዚያ ይወስዳል፣ እንቁላሉንም በዓይነ ምድሩ ግቢው ውስጥ ይበትነዋል። ሰው ጉበት ላይም ያው እብጠት ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨርሶ አትስጡት፣ ሌላውንም በደንብ ቀቅሉት።

ጾም ሲገባ ደግሞ የቤቱ ሰው ሲጾም ቡችላውም አብሮ ይጾማል። 55 ቀን ሽሮ ብቻ በልቶ የሚያድግ ቡችላ አጥንቱም ጡንቻውም ይጎዳል፣ ሽሮውም ሽንኩርት አለበት። የቡችላ ደረቅ ምግብ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አቅም ካልፈቀደ ሩዝ ወይም ቅንጬ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ በተቀቀለ ሥጋ፣ አንዳንዴም የተቀቀለ እንቁላል ጣል ተደርጎበት ከወጥ ትርፍራፊ በብዙ ይሻላል። ሥጋ ብቻውን ግን ካልሲየም ስለሚያንሰው አጥንቱን ያልፈሰፍሰዋል፤ ምን እንደሚጨመር ሐኪሙን ጠይቁ። ቡችላ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው የሚበላው።

ሰንሰለትና ሚጥሚጣ

ሚጥሚጣ ሆድ ያቃጥላል እንጂ ጠባቂ አያደርግም። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ቡችላም የሚያልፈውን ሁሉ እያየ፣ ሊደርስበት ሳይችል፣ መሸሽም ሳይችል ነው የሚያድገው። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ኳሱን ሊያነሳ የገባውን የጎረቤት ልጅ ነው። ውሻ ሲጎለምስ ለቤቱ መጮኹን ማንም ሳያስተምረው ያመጣዋል።

ሰው እንዳያይ ደብቆ ማሳደግ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከ3 እስከ 14 ሳምንት አካባቢ ያለው ጊዜ ቡችላ "ይህ አያስፈራም" ብሎ ነገሮችን የሚመዘግብበት ነው። በዚያ ጊዜ ያላየውን በኋላ ማስለመድ ይቻላል፣ ግን ብዙ ድካም አለው። "ክትባቱ ሳያልቅ እንዴት ላውጣው?" ትሉ ይሆናል። መሬት ሳይነካ፣ ታቅፋችሁት ወይም በዘንቢል ይዛችሁት አውጡት። በር ላይ ቁጭ በሉና ባጃጅ ሲያልፍ፣ ጃንጥላ የዘረጋች ሴት ስትመጣ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በከዘራቸው ሲሄዱ፣ ተማሪዎች ሲጯጯሁ ይይ። መጀመሪያ ጆሮው ይቆማል፣ ጀርባው ይደርቃል፤ ዝም ብላችሁ ስትቆዩ ያዛጋል፣ አገጩን ክንዳችሁ ላይ ጥሎ ማየቱን ይቀጥላል። ይህን ማየት እንዴት ያለ ደስታ እንዳለው ያየው ያውቀዋል። ከፈራ ግን አታስገድዱት፣ ራቅ በሉ። የእንቁጣጣሽና የገና ርችት ሲመጣም ብቻውን ግቢ ውስጥ አትተዉት።

አፍንጫውን ሽንት ላይ ማሸት

ምንጣፍ ላይ የሸናውን ከሰዓታት በኋላ መጥታችሁ ብትቀጡት የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። ጠዋት እንደነቃ፣ እንደበላ፣ ተጫውቶ እንደጨረሰ አውጡት። መሬቱን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ሰዓቱ ደርሷልና አንሱት። ውጭ ላይ ሲጨርስ እዚያው፣ ወዲያው አመስግኑት። የሦስት ወር ቡችላ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ሽንቱን ይዞ መቆየት ስለማይችል ሌሊትም አንዴ መነሳት አለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ይህ ከባድ ነው፣ ግን ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጓዳ ዘግቶ መተው

የሚያለቅሰው አመል ኖሮበት አይደለም፤ በሕይወቱ ብቻውን ተኝቶ ስለማያውቅ ነው። ካርቶኑን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት። እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሲነካችሁ ዝም ይላል። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማራቅ ይቻላል።

በእጅ እያጫወቱ በኋላ "ይነክሳል" ማለት

የወተት ጥርሱ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል፣ ድዱ ያሳክከዋል። የሚያኝከው ነገር ስጡት፤ ጥርሱ ቆዳችሁን ከነካ ጨዋታውን አቁሙ። በጥፊ መምታት አያስፈልግም።

ጠርቶ መምታት

ጫማ ሲያኝክ ያገኘው ሰው "ና!" ብሎ ይጠራዋል፤ እሱም ጭራውን እየቆላ ይመጣል፣ ከዚያ ይመታዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህ ከሆነ "ና" ማለት "ትመታለህ" ማለት ሆነ። ጥበቃውም ልጆቹም ሠራተኛዋም አንድ ቃል ይጠቀሙ፤ "ና" ይሁን "ካም" ለውጥ የለውም። ሲመጣ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ደረቱን ማሸት ይጠብቀው፤ ጫማውን አኝኮም ቢሆን። በር ተከፍቶ ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ አንድ ጥሪ ሰምቶ የሚመለስላችሁ እንዲህ ያደገ ውሻ ነው።