ኢንሹራንስ ስታድሱ የመኪናዋንም ዋጋ አድሱ

ባለፈው ክረምት ሲኤምሲ አካባቢ ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ቪትዜ ተንሸራተተችና ከቆመ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ኋላ ገባሁ። ኤፍ ኤስ አሩ ምንም አልሆነም። የኔዋ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ሁለቱም የፊት መብራትና ራዲያተር ሄደ። ብዙም አልደነገጥኩም። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኛ!

የጋራዡ ፕሮፎርማ 160 ሺህ ብር መጣ። ኢንሹራንሱ የተቀበለው 80 ሺህ ብቻ ነው። ከሱም ላይ በውሉ መሠረት የኔ ድርሻ የሆነውን 5 ሺህ ቀነሰ። «ምነው?» ስል የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ውሉን ገልጣ አሳየችኝ። መኪናዋን ያስገባሁት ከዓመታት በፊት በነበረው ዋጋ፣ በ800 ሺህ ነው። አደጋው ሲደርስ ገበያ ላይ 1.6 ሚሊዮን ታወጣለች። «ግማሹን ነው ያስገቡት፤ የምንከፍልዎትም ግማሹን ነው» አለችኝ። ቁጣዬ ሲበርድ ሳስበው ልክ ነች። ለኢንሹራንሱ በየዓመቱ የሚከፈለውን ዓረቦንም ስከፍል የኖርኩት በግማሹ ዋጋ ነው።

ብዙ ሰው የተመዘገበው ዋጋ የሚያስፈልገው መኪናው ሲሰረቅ ወይም ጨርሶ ሲወድም ብቻ ይመስለዋል። አይደለም፤ ለአንድ መብራትም ይሠራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መለዋወጫ የሚገባው በዶላር ነው። የመኪናም ዋጋ አብሮ ወጣ። ውላችሁ ላይ ያለው ቁጥር ግን እዚያው ተቀምጧል።

ስለዚህ ከማደሳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ደላላ ጠይቁ፤ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመተ ምሕረት ስንት እየተሸጠ ነው? ያንን አስመዝግቡ። ዓረቦኑ ይጨምራል፣ ያማል። እኔ ግን ከኪሴ 85 ሺህ ከፍያለሁ። ዋጋው በዓመቱ መሐል ከዘለለም እድሳት አትጠብቁ፤ ልዩነቱን ከፍላችሁ ውሉን ማሻሻል እንደሚቻል ጠይቁ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ያላችሁ ደግሞ እወቁት፤ እሱ የሚክሰው የጎዳችሁትን ሰው እንጂ የራሳችሁን መኪና አይደለም።

ውሉ ላይ ስለ አሮጌ ዕቃ የሚለውንም አንብቡ። ያረጀው በአዲስ ሲቀየር ከሚከፍሏችሁ ላይ የሚቀንሱት፣ የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት አለ።

አደጋ ከደረሰ ፎቶ አንሱ፣ ትራፊክ ጥሩ፣ ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን አሳውቁ። የኢንሹራንሱ ገማች ሳያይ መኪናው እንዳይፈታ። የኔ መካኒክ ገማቹ አይቶ ከሄደ በኋላ ሲፈታ ኮፈኑ ሥር የተሰበረ ሌላ ነገር አገኘ። «እህቴ፣ ሳልነካው ደውዪላቸው» አለኝ፤ እግዜር ይስጠው። ዝም ብሎ ቀይሮት ቢሆን የዚያም ዕዳ የኔ ነበር።

ፕሮፎርማውን ደግሞ አታሳድሩ። ሻጩ ዋጋውን የሚጠብቅላችሁ ለጥቂት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭማሪ ማን ይከፍላል ብላችሁ ስትከራከሩ መኪናው ጋራዥ ይከርማል።

ትንሽ ጭረት ከሆነ ግን ካሳ ከመጠየቃችሁ በፊት ከራሳችሁ ድርሻና አደጋ ባለማድረስ ከሚሰጠው፣ ካሳ ስትጠይቁ ሊቀርባችሁ ከሚችለው የዓረቦን ቅናሽ ጋር አስሉት። የቪትዜ የኋላ በር ጭረት እስካሁን እንዳለ ነው።