ኮራል የምትነክሰው ኤንጅልፊሽ እንዴት ተወች

አዳማ ያለው ባለ 300 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ሥጋማዎቹ ኮራሎች (ድንጋይ መሰል አጽም ያላቸው የባሕር እንስሳት) ቀን ተኮማትረው ይውሉና መብራት ሲጠፋ ይከፈቱ ነበር። ጨዋማነቱ በአንጻራዊ ጥግግት ሲለካ 1.025፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ፤ ውኃው ደህና ነው። ጥፋቱ የዓሣ መሆኑን ለማወቅ የሚያዋጣው ከመስታወቱ ራቅ ብሎ ግማሽ ሰዓት ማየት ነው፤ ሰው ሲጠጋ ዓሣዋ ምግብ ፍለጋ ወደ ፊት ስለምትመጣ ኮራሉን ትተዋለች። ትንሿ ኤንጅልፊሽ የኮራሉን ጠርዝ ቆንጠር አድርጋ ዘወር ትላለች፤ የነከሰችው ቦታ ላይ ነጩ አጽም ብቅ ብሏል።

ይህች ዓሣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ አልጌ ስትለቅም የምትውል ናት። ድንጋዩ ከጸዳና ምግብ በቀን አንዴ ብቻ ከሆነ ወደ ኮራሉ ትዞራለች። ስለዚህ የቀኑን ምግብ ለ4 ከፋፈልነው፤ የደረቀ የባሕር አልጌም ጠዋት በመቆንጠጫ መስታወቱ ላይ ሰቅለን ትርፉን ማታ አወጣን። የተጎዳውን ኮራል ውኃ በደንብ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቅርጫት ለ10 ቀን ከደንነው። ቅርጫቱ የሚነሣው ዓሣዋ በልታ ስትጠግብ ነው።

ምግብ ሲጨምር ናይትሬትም (ከምግብ ትርፍና ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣ ውህድ) ይጨምራልና በየሳምንቱ 30 ሊትር ውኃ መቀየር ግድ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጨዉ ከመበጥበጡ በፊት በአርኦ ማጣሪያ (ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) ይለፍ። እንደ ኢምፐረር ያሉት ትልልቅ የኤንጅልፊሽ ዝርያዎች ግን በምግብ ብቻ አይመለሱም፤ ከኮራል መለየት ነው።