መሪውን ለመሳብ አትቸኩሉ

ዴንቨር አካባቢ በሴስና 172፣ በትንሿ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ በረራ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ማረፍ ነው። መነሳት ስሮትል (የሞተሩን ጉልበት መስጫ) ገፍቶ፣ አፍንጫው እንዲነሣ መሪ መሳብ ብቻ ይመስለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ያቺው መሳብ ናት።

ከወንበሩ ጀምሩ። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ በወገባችሁ ወደፊትም ወደኋላም ነቅንቁት፤ ቀጭ ብሎ ካልያዘ ሞተር እንዳታስነሡ። አንድ ተማሪዬ ይህን ዘለለ። ማኮብኮብ እንደጀመርን ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ወደኋላ ተንሸራተተ፤ ልጁም የጨበጠውን መሪ ይዞ ሄደ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ሽቅብ ሲል ስሮትሉን ዘጋሁት። የኋላ ጎማዎቹ ገና መሬት ላይ ስለነበሩ ተረፍን። በሴስና ይህ የቆየ ችግር ነው፤ ሰውም ገድሏል።

ቀጥሎ አየሩን አስሉ። እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ያለው የሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 5,885 ጫማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። በሐምሌ ቀትር 30 ሲገባ፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ፤ ክንፉም ሞተሩም 9,100 ጫማ ላይ ያሉ ያህል ይሆናሉ። ከ180 የፈረስ ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። (ቦሌ እኮ ገና ሳይሞቅ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ አገር ቤት ለማብረር የምታስቡ ልብ በሉ።) ስለዚህ ሚክስቸሩን፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚገባውን የቤንዚን መጠን መቆጣጠሪያ፣ እስከ ጥግ ገፍታችሁ አትነሡ። ቆማችሁ ሙሉ ስሮትል ስጡ፣ ከዚያ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያለችውንም ጉልበት ያባክናል።

አሁን የመንደርደሪያውን እኩሌታ በዓይናችሁ ያዙ፤ ታክሲዌይ (ወደ መንደርደሪያው የሚያስገባ መንገድ) ወይም ሰሌዳ ምልክት ይሁናችሁ። እዚያ ስትደርሱ አፍንጫ ከምታነሡበት ፍጥነት 70 በመቶው መሙላት አለበት። 55 ኖት (በሰዓት 55 የባሕር ማይል) ላይ ለሚያነሣ 39 ገደማ ነው። ስሮትል ከመንካታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ «39 ካልሞላ እተዋለሁ» በሉ። ሐበሻ ተማሪዎቼን በአማርኛ አስብላቸዋለሁ፤ በራስ ቋንቋ የተነገረ ነገር በድንጋጤ ጊዜም አይጠፋም።

ስትንደረደሩ ቀኝ እግራችሁ ይሥራ፤ ፕሮፔለሩ ወደ ግራ ይጎትታል።

መሬት አጠገብ፣ ከክንፉ ርዝመት ማለትም ከ11 ሜትር በታች፣ አየሩ አውሮፕላኑን ስለሚያግዘው ገና መብረር ሳይችል ይነሣል። ተማሪው «ተነሣ!» ብሎ ይስባል፤ ከፍ ሲል እገዛው ይቀራል፣ ፍጥነት የለም፣ ክንፉ ስቶል ያደርጋል፣ ማለትም መሸከም ያቅተዋል። መድኃኒቱ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ 74 ኖት እስኪሞላ መታገሥ ነው። የመንደርደሪያው ጫፍ ሲቃረብ መታገሥ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የኔም እጅ ያሳክከኛል።

ከተነሣችሁ በኋላ ሞተሩ ቢጠፋ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጉ፣ 68 ኖት ያዙ፣ ከፊታችሁ ካለው ሜዳ ምረጡ። ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ አትዙሩ። ተማሪ ሁሉ «እመለሳለሁ» ብሎ ይከራከረኛል። መሬት ላይ መልስ አልሰጥም። ርቀን፣ ከፍ ብለን፣ ስሮትሉን ዘግቼ «በል ተመለስ» እለዋለሁ፤ ዞሮ ሲጨርስ ከፍታ መለኪያውን ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ።