የጎረቤት ዲኮደር ሰርቨር አይደለም

ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። አንድ ፊልም በመቶ ቤት ዲኮደር ዲስክ ላይ ተቀምጦ እያለ፣ መቶ አንደኛው ተመልካች ሲመጣ ለምን ሁሉም ነገር ከሰርቨር (ከፊልም አቅራቢው ኩባንያ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ይቀዳለት? ጎረቤቶቹ ይላኩለት እንጂ። ይሠራልም። ግን ሲስተሙን የሚገነቡ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች አሉ።

ዋናው ዳውንሎዱን አይቶ አፕሎዱን መርሳት ነው። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የስልክ መስመር ወደ ቤት እስከ 24 ሜጋ ቢት በሰከንድ ያመጣል፤ ከቤት ወደ ውጭ ግን በተለመደው አሠራሩ ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። እስቲ እናስላው። ፊልሙ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ይፈልጋል እንበል። አንድ ቤት ግማሽ ሜጋ ቢት ቢያዋጣ (ሙሉውን አትውሰዱበት፣ ሰውየውም ኢንተርኔት ይጠቀማል) ለአንድ ተመልካች ስምንት ቤት ያስፈልጋል። ስምንቱም ፊልሙ ያላቸው፣ ስምንቱም ዲኮደራቸው የበራ፣ ስምንቱም በዚያ ሰዓት ለሌላ ሰው የማይልኩ። ማታ ሁሉም ቲቪ ፊት ሲቀመጥ ይሄ ቁጥር አይሞላም፤ ጉድለቱን የሚሸፍነው ያው ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ ገና ሳይለካ ሰርቨር የሚቀንስ ሰው ችኩል ነው።

ሌላው "ጎረቤት ስለሆነ ቅርብ ነው" ማለት ነው። በኬብል ቲቪ መስመር ላይ ይሄ አይሠራም። ከጎንህ ካለው ቤት የተላከው ቪዲዮ መጀመሪያ ወደ ኩባንያው ጣቢያ ይወጣል፣ ከዚያ በዚያው በሰፈሩ ኬብል ተመልሶ ይወርዳል። ኬብሉ ሁለቴ ተጫነ ማለት ነው፣ ያውም ሲወጣ በጠባቡ በኩል። ጫናው የሚቀንሰው ከጣቢያው ወዲያ ባለው ዋና መስመርና በሰርቨሩ ላይ ነው። የተጨናነቀባችሁ የሰፈሩ ኬብል ከሆነ ግን ችግሩን አባባሳችሁት።

ቢትቶረንትን (ፋይልን ቆራርጦ ከተጠቃሚ ለተጠቃሚ የሚያዳርሰውን አሠራር) እንዳለ መገልበጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ይሄ አሠራር በኔትወርኩ ውስጥ ብርቅ የሆነውን ቁራጭ አስቀድሞ ያወርዳል። ለፋይል ግሩም ነው፤ ለሚያይ ሰው ግን የፊልሙ መጨረሻ ቀድሞ ቢደርስለት ምን ይፈይድለታል? እሱ የሚፈልገው ቀጣዩን ደቂቃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ከሰርቨር ስጡት፣ ቀጥለው የሚታዩትን ቁራጮች በተራ አውርዱ፣ ብርቅዬውን መፈለግ ከዚያ ወዲያ ላለው ይሁን። ፊልሙን ወደፊት የሚዘል ተመልካችንም አትርሱ። ሰው በሪሞቱ ሲዘል በዚያች ቅጽበት ከጎረቤት ጋር መደራደር አይቻልም።

ዲኮደሩ ባለቤቱ ያየውን ብቻ እንዲያካፍል ማድረግም ያው ስህተት ነው። አዲስ የገባ ፊልም ማን ጋር ይገኛል? ዲኮደሩ በኩባንያው እጅ ነውና መስመሩ ጭር በሚልበት ሌሊት ቁራጮቹን ቀድሞ ማደል ይቻላል።

ከደንበኛው መደበቅ ደግሞ ያስቀይማል። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በኢንተርኔት የሚያሳይበት አይፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምር የሚያወርደው ኮንቲኪ በተባለ የተመልካች ለተመልካች ሶፍትዌር ነበር፤ ሰዎች ሳያውቁት መስመራቸው ለሌላ ሲልክ አጉረመረሙ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቢቢሲ ተወው። ቅሬታው እውነት አለው፤ አፕሎዱ ጢም ካለ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ይንቀረፈፋል። ሌድባት የሚባል የአላላክ ዘዴ አለ፣ መስመሩ መዘግየት ሲጀምር ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይሄኛውን ተጠቀሙ፣ ለደንበኛውም ንገሩት።

ከጎረቤት የመጣን ቁራጭ ሳያጣሩ ማጫወት የለም፤ ሃሹን (ከቁራጩ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር) ከሰርቨር ጋር አመሳክሩ። የተቆለፈውን ፊልም የሚከፍተው ዲጂታል ቁልፍም ከሰርቨር ብቻ ይምጣ።

ስትሞክሩት ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁሉም ነገር በርቶ አትሞክሩ። ሰው ሊተኛ ሲል ዲኮደሩን ከሶኬት ይነቅላል። ፊልሙ እየሄደ ሳለ ከሚልኩት ስምንቱ አራቱን በአንዴ ንቀሉና ስክሪኑን እዩት።